ፎስፌትን ከማዕድ ቤት መቆጣጠር፦ ለኩላሊት እጥበት ታካሚና ምግቡን ለሚያሰናዳለት ሰው

የኩላሊት እጥበት የጀመረ ሰው ከሐኪም ቤት ይዞት የሚወጣው የምግብ ምክር ብዙውን ጊዜ የክልከላ ዝርዝር ነው። ወተት ይቅር፣ ሽሮ ይቅር፣ ምስር ይቅር፣ ሥጋ ይቀነስ ይባላል። ከወር በኋላ የደም ምርመራው ሲመጣ ታካሚው ከስቷል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለው ማዕድን ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ቤተሰቡ «ደብቀህ እየበላህ ነው» ብሎ ይቆጣል፤ ታካሚውም ተስፋ ይቆርጣል።

በእጥበት ክፍል ውስጥ ይህን ደጋግሜ ስለማይ ነው ይህን መመሪያ የምጽፈው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሆዳምነት ሳይሆን የቅደም ተከተል ስሕተት ነው። መጀመሪያ ከቤት መውጣት ያለበት ነገር ሳይነካ ይቀርና በመጨረሻ ሊነካ የሚገባው ፕሮቲን ቀድሞ ይቆረጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳይጨርሱ ወደ አራተኛው አይዝለሉ።

መመሪያው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በማሽን ለሚታጠቡ አዋቂዎች ነው። እጥበት ያልጀመሩ፣ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችና ሕፃናት የሚከተሉት ሥርዓት የተለየ ነው። የመድኃኒት መጠንን የሚወስነው ሐኪምዎ ብቻ ነው።

በቅድሚያ፦ ማሽኑ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ፎስፈረስ ለአጥንት፣ ለጡንቻና ለእያንዳንዱ ሕዋስ የሚያስፈልግ ማዕድን ነው። በምግብና በደም ውስጥ የሚገኘው ፎስፌት በሚባለው መልኩ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣል። ኩላሊት ሲደክም ትርፉ መውጫ ያጣል፤ በደም ውስጥ ሲከማች በአንገት ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች የሚመነጨው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ከልክ በላይ እንዲመነጭ ያደርጋል፣ ሆርሞኑም ካልሲየምን ከአጥንት ይስባል። ውጤቱ የአጥንት ሕመም፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ማሳከክ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የደም ሥሮችና የልብ ቫልቮች በካልሲየምና በፎስፌት ዝቃጭ መጠንከር ነው። ይህ የመጨረሻው ለዓመታት ምንም ስሜት ሳይሰጥ ይሄዳል።

ቁጥሩን አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ቢሠሩት ነገሩ ፍንትው ይላል። በቀን 1,000 ሚሊግራም ፎስፈረስ የሚበላ ሰው ከዚህ ውስጥ በግምት 600 ሚሊግራሙ ወደ ደሙ ይገባል፤ በሳምንት 4,200 ማለት ነው። አራት ሰዓት የሚቆይ አንድ እጥበት ወደ 800 ሚሊግራም ገደማ ያወጣል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢታጠቡ 2,400፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ደግሞ 1,600 ብቻ ነው። የቀረው ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። በአገራችን በገንዘብ እጥረት በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚታጠብ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በውጭ አገር የተጻፈው «ሦስት ጊዜ» የሚለው ስሌት እንኳ ለእኛ ሰው ይጠብበታል።

ማሽኑ ብዙ የማያወጣው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ፎስፌት በአብዛኛው የሚገኘው በአጥንትና በሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ማሽኑ የሚደርሰው ደም ውስጥ ያለውን ነው። ሳሎኑን እየጠረጉ ዕቃው ሁሉ ጓዳ እንደተቆለለበት ቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የደሙ ፎስፌት በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ከጓዳው ቀስ እያለ ይወጣል፣ እጥበቱ ካለቀ በኋላም ተመልሶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ትርፉን ለመሸፈን የቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ የሚገባውን መምረጥና የገባውን አንጀት ውስጥ እንዳለ በመድኃኒት መያዝ።

ደረጃ 1፦ ቁጥርዎን በእጅዎ ይያዙ

ከእጥበት በፊት በሚወሰደው የደም ምርመራ የፎስፌት ውጤትዎን ጠይቀው በደብተር ይጻፉ። የጤነኛ ሰው መጠን በዴሲሊትር ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም ነው። ለእጥበት ታካሚዎች ብዙ ክፍሎች ከ3.5 እስከ 5.5 ያለውን እንደ ግብ ይይዙታል። አውሮፓ የምትኖሩ ውጤቱ በሚሊሞል ስለሚጻፍ ከ1.1 እስከ 1.8 ገደማ ብላችሁ አንብቡት። ከጎኑ ካልሲየምን፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞንንና አልቡሚንን ጨምረው ይጻፉ። አልቡሚን በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሲሆን አመጋገብን ለመገመት ከሚረዱ መለኪያዎች አንዱ ነው፤ ፎስፌቱና አልቡሚኑ አብረው እየወረዱ ክብደትም ከቀነሰ ያ ድል አይደለም። ታካሚው በቂ ምግብ እያገኘ ስላለመሆኑ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም መነገር አለበት።

ደረጃ 2፦ የተጨመረውን ፎስፌት ከቤት ያስወጡ

በዚህ ደረጃ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ትልቁ ትርፍ የሚገኘው እዚህ ስለሆነና ሰውም የሚዘለው ይህንኑ ስለሆነ።

ፎስፌት ሁሉ እኩል ወደ ደም አይገባም። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለው በአብዛኛው ፋይቴት ከሚባል ውሕድ ጋር የታሰረ ነው፤ የሰው አንጀት ደግሞ ፋይቴትን የሚፈታ ኢንዛይም የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከጥራጥሬ ፎስፌት ወደ ደም የሚገባው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገባው ከ40 እስከ 60 በመቶ ይገመታል። ፋብሪካ ምግብ እንዳይበላሽ፣ እንዲለሰልስ ወይም ቀለሙን እንዲይዝ ብሎ የሚጨምረው ፎስፌት ግን ከምንም ጋር ያልታሰረ ጨው በመሆኑ ከ90 በመቶ በላይ ይገባል። ይህ ፎስፌት ለሰውነት የሚሰጠው ፕሮቲን የለውም። ቢቀር የሚጎዳ ሰው የለም።

የት እንዳለ ለማወቅ ማሸጊያውን መገልበጥ ያስፈልጋል። የፎስፈረስ መጠን በሰንጠረዡ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም፤ አሜሪካም ውስጥ እንዲጻፍ አይገደድም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ትተው ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር ያንብቡ። እንግሊዝኛ ባይችሉ እንኳ ፒ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤስ የሚሉት አራት ፊደላት ተከታትለው በአንድ ቃል ውስጥ ካሉ ፎስፌት ተጨምሯል ማለት ነው። ከቱርክ፣ ከዱባይና ከአውሮፓ የሚመጡ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ስሙ በቁጥር ይተካል። ኢ ከሚለው የላቲን ፊደል ቀጥሎ 338፣ 339፣ 340፣ 341፣ 343፣ 450፣ 451 ወይም 452 ካለ ያው ፎስፌት ነው። ቁጥሮቹን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በገንዘብ ቦርሳዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ማስታወስ አይቻልም።

አሁን ወደ ቁም ሣጥኑና ወደ ማቀዝቀዣው ይሂዱ። እነዚህን ይፈልጉ፦

ጥቁር ኮላ። ፎስፎሪክ አሲድ አለው። ሎሚ ቀመስ የሆኑት ነጭ ለስላሳዎች አብዛኛውን ጊዜ በምትኩ ሲትሪክ አሲድ ይጠቀማሉ፤ ቢሆንም ዝርዝሩን ያንብቡ፣ ስኳር ሕመም ካለብዎ ደግሞ ይተዉት፣ በቀን እንዲጠጡ ከተፈቀደልዎ የፈሳሽ ልክ ውስጥም ይቁጠሩት።

ሞርታዴላ፣ ቋሊማና የታሸገ ሥጋ። የቁርስ ሳንድዊች ውስጥ ያለችው ስስ ሞርታዴላ ከአንድ ቁራጭ የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ይልቅ ታሳስበኛለች። ጨውዋም ብዙ ነው፤ ጨው ጥማት ያመጣል፣ ጥማት ደግሞ በሁለት እጥበት መካከል ክብደት ይጨምራል።

በዳቦ ላይ የሚቀባው የፋብሪካ አይብ፣ በሦስት ማዕዘን የሚታሸገውን ጨምሮ። አይብ ሲቀልጥ ቅቤው እንዳይለይ የሚጨመሩት ጨዎች አብዛኛውን ጊዜ ፎስፌት ናቸው።

ቤኪንግ ፓውደር። ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ዳቦ፣ ኬክ፣ ብስኩት፣ ፓንኬክ፣ አንዳንድ ጊዜም ቶሎ እንዲያኮርፍ ተብሎ እንጀራ ሊጥ ውስጥ ይገባል። የቆርቆሮውን ጀርባ ቢያዩት ብዙ ጊዜ 450 ወይም 341 የሚል ያገኛሉ። የቤት ዳቦዎን በእርሾ ይጋግሩ፤ እርሾ ይህን ጨው አይጨምርም።

ቡናን ነጭ የሚያደርግ ዱቄት (ክሬመር)፣ የታሸገ ወተት፣ ቶሎ የሚደርስ ኑድል ከነቅመሙ፣ የታሸገ የሾርባ ዱቄት።

በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለኝ። በረዶ ቤት የሚሸጥ ዶሮና ሥጋ አንዳንዱ ክብደቱ እንዲጨምርና እንዳይደርቅ የፎስፌት ውኃ ይወጋል። መልኩ ጥሬ ሥጋ ስለሆነ ያሳስታል። ማሸጊያው ላይ «እስከዚህ በመቶ የሚደርስ ፈሳሽ (ሶሉሽን) ታክሎበታል» የሚል ጽሑፍ ካለ ይተዉትና ምንም ያልተጨመረበትን ይምረጡ።

ይህን ደረጃ ጨርሰው አንድ ወር ይጠብቁ። ሽሮውን ሳይነኩ ቁጥሩ ሲወርድ ያዩ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ መድኃኒቱን ከምግቡ ጋር ያገናኙ

ፎስፌት የሚይዙት መድኃኒቶች ሥራቸው አንጀት ውስጥ ነው። ከምግቡ ከሚወጣው ፎስፌት ጋር ተጣብቀው በሰገራ ያስወጡታል። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሴቬላመርና ላንታነም የሚባሉም አሉ። ምግቡና መድኃኒቱ ካልተገናኙ ሥራ የለም።

ፋርማሲ ከረጢቱ ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ» ተብሎ ይጻፋል። ታካሚው ይህን እንደ አንቲባዮቲክ ያነበውና ጠዋት በባዶ ሆዱ፣ ከሰዓት በኋላ ትዝ ሲለው፣ ማታም ሊተኛ ሲል ይውጠዋል። ምግቡን የሚበላው ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። በባዶ ሆድ የተዋጠ ካልሲየም ፎስፌት አይዝም፤ ይልቁንም ራሱ ወደ ደም ገብቶ ካልሲየምን ከፍ ያደርጋል፤ የደም ሥር መጠንከርንም ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን «የጠዋት፣ የቀን፣ የማታ» ብለው አይጥሩት። የቁርስ፣ የምሳ፣ የእራት ይበሉት።

እንዲህ ያድርጉ። ካልሲየም ካርቦኔቱን በመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች አካባቢ ይውሰዱት፤ የሚታኘክ ዓይነት ከሆነ በደንብ ያድቅቁት። ላንታነም በአብዛኛው ታኝኮ ይዋጣል፤ የሴቬላመር ፍሬ ግን ሳይታኘክና ሳይሰበር ይዋጣል። ማዕድ ላይ ከጨው ዕቃው አጠገብ ትንሽ ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለ መድኃኒት ይረሳል። ምግብ ካልበሉ መድኃኒቱን ይተዉት። ረስተው ገበታው ከተነሣ ብዙም ካልቆየ ይውሰዱት፤ ሰዓታት ካለፉ ለሚቀጥለው ገበታ ያቆዩት፣ እጥፍ አድርገው ግን አይውሰዱ።

ሐኪምዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ትልቁ ገበታዬ ምሳ ነው፤ መድኃኒቱን በገበታው ልክ ላከፋፍለው?» ቁርሱ ሻይና ዳቦ፣ ምሳው ዶሮ ወጥ ለሆነ ሰው ለሁለቱም እኩል አንድ ፍሬ መውሰድ ትርጉም የለውም። ሐኪሙ ከቁርሱ ቀንሶ ለምሳው ሊጨምር ይችላል። በግምት 1 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚይዘው 40 ሚሊግራም ፎስፈረስ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር የምጠቅሰው «መድኃኒት ወስጄአለሁ» ብሎ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት የሚጠጣ ሰው እንዳይታለል ነው፤ ብርጭቆው ብቻውን ከ200 ሚሊግራም በላይ ይዟል። በራስ ፈቃድ ፍሬ መጨመርም መልስ አይሆንም፣ ካልሲየሙ ጣሪያ አለው።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይራቅ። የሚዋጥ አይረን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክና የታይሮይድ መድኃኒት ከካልሲየም ጋር ሲገናኙ በደንብ አይሠሩም፤ በስንት ሰዓት እንደሚለያዩ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፤ ካልሲየም ካርቦኔት ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። ድርቀት ካስቸገረዎ ደግሞ መድኃኒቱን ዝም ብለው አያቋርጡ፣ ይናገሩ። ሰው መድኃኒቱን በድብቅ የሚተወው ብዙ ጊዜ በድርቀት ምክንያት ነው።

ደረጃ 4፦ ፕሮቲኑን ሳይቀንሱ ይምረጡ

እጥበት ራሱ ፕሮቲን ያስወጣል። ስለዚህ የእጥበት ታካሚ በቀን በኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም። ከእጥበት በፊት «ፕሮቲን ቀንስ» የተባለ ሰው ያንን ምክር ይዞ እንዳይቀጥል እለምናለሁ። የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ምግብ ስንት ፎስፌት አለው?» የሚል ሳይሆን «ለሚሰጠኝ ፕሮቲን ስንት ያስከፍለኛል?» የሚል ነው።

በዚህ ሚዛን የእንቁላል ነጩ የሚወዳደረው የለም። የአንድ እንቁላል ነጭ ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን ከ5 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ ጋር ይሰጣል፤ አስኳሉ ግን ከ60 ሚሊግራም በላይ አለው። ሦስት ነጭና አንድ አስኳል በሽንኩርትና በቃሪያ ሲጠበስ ደኅና ቁርስ ነው። የበሬ፣ የበግ፣ የዶሮ ሥጋና ዓሣ መካከለኛ ናቸው፤ በመጠን ይበላሉ። ጉበት ግን የበሰለው በ100 ግራም ከ400 ሚሊግራም በላይ ስለሚሆን ዱለትን ለበዓል እንኳ በጥቂቱ ያድርጉት። አጥንት ቅቅሉን ይዝለሉት።

ወተትና እርጎ ለሰጡት ፕሮቲን ብዙ ያስከፍላሉ። የእኛ አይብ ግን ከጠጣር የውጭ አይብ ይሻላል። አይብ ከአሬራ ሲሠራ አሬራው የኮመጠጠ በመሆኑ ከወተቱ ማዕድን ብዙው ሟሙቶ ወደ አጓቱ ይወርዳል። ስለዚህ ጨው ያልበዛበት አይብ በጥቂቱ ይፈቀዳል፣ አጓቱ ግን አይጠጣም። ቅቤ፣ ዘይትና ማር ፎስፌታቸው ኢምንት ስለሆነ ክብደት ለቀነሰ ታካሚ ጉልበት ለመጨመር ይረዳሉ፤ ማሩን የስኳር ሕመምተኛ ይተወዋል።

ደረጃ 5፦ ምድጃው ላይ

ሥጋ ሲሠሩ በትንንሹ ይቁረጡና በብዙ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቅሉት፤ ውኃውን ይድፉ፣ ከዚያ ወደ ቁሌቱ ይጨምሩት። ፎስፌቱ ከፊሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ ፕሮቲኑ በአብዛኛው ይቀራል። መረቅ አድርጎ መጠጣት ማለት ያንን የወጣውን ፎስፌትና ፖታሲየም (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚከማች ሌላ ማዕድን) መልሶ መጠጣት ነው።

ምስርና ሽምብራ ከሆኑ ሌሊቱን ይዘፍዝፉ፣ ውኃውን ይድፉ፣ በአዲስ ውኃ ቀቅለው አሁንም ያጥልሉ። ይህ ፖታሲየሙንም ይቀንሳል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ እንዲህ ማጠብ አይቻልም። ግን ሽሮን እንደ ጠላት አልቆጥረውም። ለአንድ ሰው ወጥ የሚገባው 40 ግራም ያህል ዱቄት ከ150 ሚሊግራም በታች ፎስፈረስ ይይዛል፣ ከዚያም ወደ ደም የሚገባው ከግማሽ በታች ነው። ሳስቶ የተሠራ አንድ ጭልፋ ሽሮ፣ መድኃኒቱ አብሮ ከተወሰደ፣ በማዕድዎ ላይ ቦታ አለው። የፖታሲየም ውጤትዎ ከፍ ያለ ከሆነ ብቻ መጠኑን ከባለሙያ ጋር ይነጋገሩበት።

እንጀራው ላይ ግን ላስጠነቅቅ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 430 ሚሊግራም ፎስፈረስ አለው፤ የነጭ ሩዝ ዱቄት ከ100 ብዙም አያልፍም። ጤፍም እንደ ሌላው እህል ፋይቴት አለው፤ ሊጡ ለሦስት ቀን ሲቦካ ግን ፋይቴቱ እየተፈታ ይሄዳል። ይህ ለጤነኛ ሰው መልካም ነው፣ አይረኑንና ዚንኩን ይለቅለታል። ለእጥበት ታካሚ ግን ፎስፌቱም አብሮ ይለቀቃል። እንጀራን ከኢትዮጵያዊ ማዕድ አንሡ የሚል ምክር አይሠራም፤ የሚሠራው መጠኑን ማወቅ ነው። አንድ ትልቅ እንጀራ ከ100 ግራም በላይ ዱቄት ሊፈጅ ስለሚችል በአንድ ገበታ በግማሽ ይጀምሩ። ለታካሚው ብቻ ግማሽ በግማሽ ሩዝ የተቀላቀለበት ሊጥ ለብቻ ማቡካት ይቻላል። በሳምንት ጥቂት ቀን ደግሞ እንጀራውን በነጭ ሩዝ፣ በእርሾ በተጋገረ ነጭ ዳቦ ወይም በቡላ ይተኩት፤ ቡላ ስታርች ስለሚበዛበት ፎስፌቱ ከጤፍ በእጅጉ ያንሳል። ምግቡን ከጋራ ትሪ ሳይሆን በራሱ ሳህን ያቅርቡለት። ትሪ ላይ ስንት እንደበላ ማንም አያውቅም።

ለውዝ፣ ሱፍ፣ ተልባና ሰሊጥ በጥቂት ግራም ብዙ ፎስፈረስ የያዙ ናቸው። እፍኝ ሙሉ የለውዝና የሱፍ ቆሎ ይዞ ሲጨዋወቱ መቆርጠም ሳይታወቅ ይሄዳል። ለቡና ቁርስ አንድ ኩባያ ጨው የሌለው ፈንዲሻ ይበቃል። ቡናው ራሱ፣ ጥቁር ከሆነ፣ ፎስፌቱ ጥቂት ነው፤ ሲኒዎቹ ግን ከፈሳሽ ልክዎ ውስጥ ይቆጠራሉ።

ደረጃ 6፦ ጾምና ግብዣ

የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ታካሚ በጾም ወራት ሥጋውን፣ ወተቱንና እንቁላሉን አስወግዶ በጥራጥሬ ብቻ ይኖራል። ፎስፌቱ ከጥራጥሬ መምጣቱ ይጠቅመዋል፣ ግን ፕሮቲኑ ያንሳል፤ የእንቁላል ነጩም ይቀራል። በገበያ ላይ ያሉት የታሸጉ የጾም ወተቶች ካልሲየም እንዲኖራቸው ብዙዎቹ 341 ይጨመርባቸዋል፤ ዝርዝሩን ሳያዩ አይግዙ። የሱፍና የተልባ ፍትፍትን በየቀኑ አያድርጉት። ከጾሙ በፊት ሐኪምዎንም የንስሐ አባትዎንም ያነጋግሩ። ለሕሙም የሚሰጠው ፈቃድ ለእንዲህ ያለው ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ብዙ ታካሚዎች ግን ሳይጠይቁ በራሳቸው ላይ ይፈርዳሉ።

ሙስሊም ታካሚ በረመዳን ለመጾም ከፈለገ ውሳኔው ከሐኪሙ ጋር የሚደረግ ነው። ከጾመ መድኃኒቱ ወደ ኢፍጣርና ወደ ስሑር ይዛወራል። ተምርና ወተት አብረው ሲቀርቡ ፖታሲየሙም ፎስፌቱም በአንድ ገበታ ይደርሳሉ፤ ወተቱን ይተዉ፣ የተምሩን መጠንም ይጠይቁ።

ሰርግ፣ ማኅበርና ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ሁለት ፍሬ መድኃኒት በወረቀት ጠቅልለው በደረት ኪስዎ ይያዙ። ከሁሉ በላይ የሚረሳው ከቤት ውጭ የሚበላው ምግብ መድኃኒት ነው፤ ትልቁም ገበታ እሱ ነው። «በሞቴ» ብሎ የሚያጎርስ ዘመድ ሲመጣ ጉርሻውን ይቀበሉ፣ ሥጋው ላይ ያለችውን አንድ ጉርሻ ማንም አይከለክልም። ሁለተኛውን ሳህን ነው መመለስ ያለብዎት። ለመጠጥ ውኃ ወይም ሻይ ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱን ይጨርሱ

ፎስፌት ቀስ ብሎ የሚወጣ ስለሆነ የእጥበት ሰዓት ማሳጠር ከሁሉ የሚጎዳው እሱን ነው። ትራንስፖርት እንዳያመልጠኝ ብሎ ሰላሳ ደቂቃ አስቀድሞ መነሣት ሲደጋገም ቁጥሩ ላይ ይታያል። ለማሳጠር የሚያስገድድ ነገር ካለ፣ የጡንቻ መኮማተር ወይም የደም ግፊት መውረድ፣ ለነርሷ ይንገሩ፤ ሊስተካከል ይችላል።

እነዚህን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንኩ

ለጨጓራ ተብለው ያለ ማዘዣ የሚሸጡ አልሙኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለባቸው መድኃኒቶች በእጥበት ታካሚ ሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ። ሶዲየም ፎስፌት ያለበት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም በፊንጢጣ የሚሰጥ ማጠቢያ አደገኛ የሆነ የፎስፌት ጭማሪ ያስከትላል፤ ለሌላ ምርመራ ሊያዝልዎ ያለ ሰው ካለ የእጥበት ታካሚ መሆንዎን አስቀድመው ይንገሩት። የቫይታሚን ዲ መድኃኒትም ፎስፌት ከአንጀት እንዲገባ ስለሚያግዝ በራስ ፈቃድ አይጀመርም።

ቁጥሩ አሁንም ካልወረደ

በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። ቤት ውስጥ ማሸጊያው ያልተነበበ ነገር ቀርቷል? መድኃኒቱ በእርግጥ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ በወሩ መጨረሻስ ስንት ፍሬ ተርፏል? የተቋረጠ ወይም ያጠረ እጥበት ነበር? የፓራታይሮይድ ሆርሞኑ ከፍ ካለ ፎስፌቱ ከአጥንት ሊመጣ ስለሚችል ምግብ ብቻ አያወርደውም። ለእነዚህ ሁሉ መልስ ካገኙ በኋላ ነው ወደ ሳህኑ መጠን የሚመለሱት።

ቆዳ ላይ የሚያም ጠቆር ያለ ቁስል ከታየ፣ በአፍ ዙሪያና በጣቶች መደንዘዝ ከመጣ ወይም ግራ መጋባት ከተፈጠረ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት የሦስት ቀን ምግብ ይጻፉ፤ አንዱ የእጥበት ቀን፣ አንዱ እሑድ ይሁን። ከእያንዳንዱ ምግብ አጠገብ መድኃኒቱ ተወስዶ እንደሆነ ምልክት ያድርጉበት። የጠረጠሩትን የዕቃ ማሸጊያ ባዶውን በፌስታል ይዘው ይሂዱና ለሐኪሙ ወይም ለሥነ ምግብ ባለሙያው ያሳዩ።